የቆርቆሮ ጣሪያ ማፍሰስና በውሃ የተጎዳ እንጨት ጥገና

የቆርቆሮ ጣሪያ ማፍሰስ የዝናብ ውሃ በክዳኑ ቀዳዳ፣ በምስማር ዙሪያ ወይም በቆርቆሮዎች መደራረቢያ በኩል አልፎ ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ የሚደርስ ብልሽት ነው። ብልሽቱ በኮርኒስ ላይ በሚታይ እድፍ ወይም በወለል ላይ በሚወርድ ጠብታ ይታወቃል። ዋናው ጉዳት ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ከዓይን በተሰወረው ክፍል፣ ማለትም ክዳኑን በተሸከሙት ወራጆችና ሞራሌዎች፣ በምሰሶዎች ጫፍና በጭቃ ግድግዳ ውስጥ ባለው ማገር ላይ ነው።

ጥገናው አራት ደረጃዎች አሉት፤ የውሃውን መግቢያ መዝጋት፣ የረጠበውን እንጨት ማድረቅ፣ የበሰበሰውን መቁረጥና መተካት፣ በመጨረሻም ግድግዳውንና ኮርኒሱን መልሶ መሸፈን። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ጥገናው አይጸናም። ክዳኑ ሳይደፈን የተለወጠ እንጨት እንደገና ይበሰብሳል፤ ሳይደርቅ የተሸፈነ እንጨት ደግሞ ክዳኑ ከተደፈነም በኋላ ከውስጥ መበስበሱን ሊቀጥል ይችላል።

የአካባቢው ሁኔታ

ግራና በአማራ ክልል፣ በሰሜን ወሎ ዞን፣ በሐብሩ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የወረዳው ዋና ከተማ መርሳ ስትሆን የዞኑ ዋና ከተማ ወልዲያ ናት። ከቆቦ እስከ ግራና የተዘረጋው ሸለቆ በመስኖ ልማቱ ይታወቃል፤ ጤፍና ማሽላም በስፋት ይመረትበታል።

በዚህ አካባቢ አብዛኛው ቤት በእንጨት ቋሚና ማገር ላይ ጭቃ ተመርጎበት የተሠራና ቆርቆሮ የተከደነ ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር ሰው፣ እህልና የቤት ዕቃ አብረው ስለሚኖሩ የክዳን ቀዳዳ የሚያስከትለው ችግር ከመኝታ መርጠብ ያልፋል። በጆንያ የተቀመጠ ጤፍ ወይም በጎተራ ያለ ማሽላ እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ የሻገተ እህል ደግሞ ለምግብም ለዘርም አይሆንም።

የዝናቡ አመጣጥም ለጥገናው ጊዜ ወሳኝ ነው። በምሥራቃዊ አማራ ሁለት የዝናብ ወቅቶች አሉ። በልግ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ሲሆን አንዳንድ ዓመት እስከ ግንቦት ይዘልቃል። ዋናው ክረምት ደግሞ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ ይበረታል። በመሆኑም በበልግ የረጠበ እንጨት ክረምቱ እስኪገባ ለመድረቅ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ረጅሙ ደረቅ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው በጋ ነው። ክዳን በሰኔ ወር፣ ደመና ሲከብድ፣ በጥድፊያ ማደስ የተለመደ ቢሆንም በዚያን ጊዜ የሚዘጋው እንጨት የበልግ እርጥበቱን ሳይጨርስ ሊሆን ይችላል።

ጦርነቱ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ ሰሜን ወሎ በደረሰበት ወቅት ደግሞ ሌላ ዓይነት ብልሽት መጣ። ጥይት ወይም ፍንጣሪ የበሳው ቆርቆሮ ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ጠርዙ የተቀደደና የዚንክ ልባሱ የተላጠ ስለሚሆን ቶሎ ይዝጋል። የቀዳዳው ከንፈርም ወደ ውስጥ ስለሚታጠፍ ውሃ ወደ ቤት ይመራል።

ታሪክ

ከቆርቆሮ በፊት የአገሪቱ ቤቶች በሣር ይከደኑ ነበር። የሣር ክዳን ቁልቁለቱ ከፍተኛ ስለሆነ ውሃው ከሣሩ ዘንግ ወደ ዘንግ እየተቀባበለ በፍጥነት ወደ ክፍክፉ ይወርዳል። በቤቱ መሐል የሚነደው እሳት ጭስም ጣሪያውን ያደርቃል፤ በእንጨቱ ላይ የሚለብሰው ጥላሸት ደግሞ እንጨት የሚበሉ ነፍሳትን ያርቃል። ቆርቆሮ ሲመጣና ማድ ቤት ከመኖሪያው ሲለይ እንጨቱ ይህን ጥበቃ አጥቷል።

ሞገድ ያለው የብረት ሉህ በ1829 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ በሄንሪ ሮቢንሰን ፓልመር ስም የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። ብረትን በቀለጠ ዚንክ የመልበስ ዘዴ ደግሞ በ1837 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ተመዝግቧል። ዚንኩ ከብረቱ አስቀድሞ ራሱ እየተበላ ብረቱን ይጠብቃል፤ የቆርቆሮ ዕድሜ በአብዛኛው የዚህ ልባስ ዕድሜ ነው። በኢትዮጵያ ቆርቆሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በአዲስ አበባ መስፋፋት ጀመረ። በዚያው ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ የገባው ባሕር ዛፍም የክዳኑ ተሸካሚ እንጨት ሆነ። ሁለቱ ተደምረው ቤት መሥራትን አቀለሉ። ነገር ግን ባሕር ዛፍ እንደ ጽድና ወይራ መበስበስንና ምስጥን የሚቋቋም ስላልሆነ የክዳኑ ጤንነት ከቀድሞው ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ።

እንጨት ከውሃ ከተጠበቀ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው የሚያሳየው ምሳሌ እዚያው ሰሜን ወሎ ውስጥ ይገኛል። በላሊበላ አቅራቢያ ያለው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተሠራ የሚታመነው፣ ግድግዳው በድንጋይና በእንጨት ተራ በተራ እየተደረበ የተገነባ ነው። ሕንፃው የቆመው በትልቅ ዋሻ ውስጥ በመሆኑ ዝናብ አያገኘውም። በዚህም የተነሣ እንጨቱና ያጌጠው የውስጥ ጣሪያው እስከ ዛሬ ደርሰዋል። በአንጻሩ ከአለት የተፈለፈሉት የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት፣ ድንጋይ ሆነው ሳለ፣ በጣሪያቸው ስንጥቅ በሚገባው የዝናብ ውሃ ተጎድተዋል። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ሰፋፊ መጠለያዎች ተተክለዋል፤ የመጠለያዎቹ ክብደትም በኋላ ራሱን የቻለ ስጋት አስነሥቷል። ከሁለቱ ሕንፃዎች የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የሚያረጀው ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ነው።

ውሃው የሚገባባቸው መንገዶች

የምስማር ቦታ። ከሁሉም የተለመደው ይህ ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ ሲቀዘቅዝ ያጥራል። 4 ሜትር የሚሆን የቆርቆሮ መስመር በቀትር ፀሐይና በሌሊት ብርድ መካከል የ40 ዲግሪ ልዩነት ቢኖር ወደ 2 ሚሊሜትር ያህል ይለዋወጣል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ምስማሩን ያላላዋል፤ የምስማሩ ቀዳዳም ይሰፋል። በምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማም በፀሐይ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ምስማሩ በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ከተመታ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያፈሳል።

መደራረቢያ። የላይኛው ቆርቆሮ የታችኛውን በቂ ያህል ካልደረበው ነፋስ የሚገፋው ዝናብ ወደ ላይ ተመልሶ ይገባል። በጎን ከአንድ ጉብታ በላይ፣ በቁመት ደግሞ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር መደረብ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱ ዝቅተኛ ከሆነ የቁመቱ መደራረቢያ ከ20 ሴንቲሜትር በላይ መሆን አለበት።

ቁልቁለት። በአንድ ሜትር ርቀት ከ18 ሴንቲሜትር ያነሰ ቁልቁለት ያለው የቆርቆሮ ክዳን ውሃን በፍጥነት አያወርድም። ከቤቱ ጎን የሚቀጠል በረንዳ ወይም ጓዳ ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ኮልሞና የግድግዳ መገናኛ። ሁለቱ የክዳን ፊቶች በሚገናኙበት ጉልላት ላይ የሚደፋው ኮልሞ በነፋስ ከተነሣ፣ ወይም ክዳን ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሲሚንቶ ብቻ ከተደፈነ ውሃ ይገባል። ቆርቆሮው ሲንቀሳቀስ ሲሚንቶው አብሮት ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ዝገት። የቆርቆሮ ውፍረት በጌጅ ይለካል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል። ለምሳሌ 32 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። ቅጠልና አፈር የተጠራቀመበት ቦታ እርጥበት ይዞ ስለሚቆይ ዝገት ከዚያ ይጀምራል።

ላብ። ሌሊት ክዳኑ ሲቀዘቅዝ ከሰው ትንፋሽና ከምግብ እንፋሎት የሚመጣው እርጥበት በቆርቆሮው ውስጠኛ ፊት ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ዝናብ ሳይኖር ንጋት ላይ በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ የሚታይ እርጥበት ማፍሰስ ሳይሆን ላብ ነው። መፍትሔውም መድፈን ሳይሆን በክፍክፉና በጉልላቱ አካባቢ አየር እንዲዘዋወር ማድረግ ነው።

እንጨት ለምን ይበሰብሳል

እንጨትን የሚያበሰብሰው ፈንገስ ነው። ፈንገስ ለመኖር ምግብ፣ አየር፣ ሙቀትና ውሃ ይፈልጋል። እንጨቱ ምግቡ ነው፤ አየርና ሙቀትም በቤት ውስጥ አይጠፉም። ስለዚህ ሰው መቆጣጠር የሚችለው ውሃውን ብቻ ነው። በእንጨቱ ውስጥ ያለው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ ከ20 በመቶ በታች ከሆነ የሚያበሰብስ ፈንገስ አያድግም። ወደ 30 በመቶ ሲጠጋና ሲያልፍ ግን መበስበስ ይበረታል።

ከዚህ የሚከተለው ቁምነገር ፈንገሱን ለማቆም ከማንኛውም መድኃኒት በፊት ማድረቅ እንደሚቀድም ነው። እንጨቱ ሲደርቅ መበስበሱ ይቆማል፤ የጠፋው ጥንካሬ ግን ተመልሶ አይመጣም።

መሬት ውስጥ የተተከለ ምሰሶ በአብዛኛው የሚበሰብሰው ከአፈሩ ወለል አጠገብ ነው። ከአፈሩ በላይ ያለው ክፍል ይደርቃል፤ በጥልቅ የተቀበረው ደግሞ አየር ያጥረዋል። በመካከል ባለው ቦታ ግን ውሃም አየርም ይገናኛሉ። ክዳኑ አሸንዳ ከሌለው ከክፍክፍ የሚወርደው ውሃ መሬት ላይ እየነጠረ ይህንኑ ቦታ ያርሰዋል።

ምስጥ ከፈንገስ የተለየ ጠላት ቢሆንም እርጥበት ያለበትን እንጨት ይመርጣል። የላይኛውን ቅርፊት እንደ ነበረ ትቶ ውስጡን ስለሚበላ ጉዳቱ ዘግይቶ ይታወቃል። በምሰሶ ወይም በግድግዳ ላይ የሚታይ ቀጭን የአፈር መስመር የምስጥ መንገድ ነው።

የሚያፈስበትን ቦታ ማግኘት

ጠብታው የሚወርድበት ቦታ ውሃው የገባበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ከክዳኑ የገባ ውሃ በሞራሌው ወይም በወራጁ ላይ ተንሸራቶ ዝቅ ካለው ቦታ ይንጠባጠባል። በመሆኑም ፍለጋው ከጠብታው ተነሥቶ ወደ ጉልላቱ አቅጣጫ፣ ወደ ላይ መሄድ አለበት።

በመጀመሪያ በቀትር በሮችና መስኮቶች ተዘግተው ከውስጥ ወደ ላይ ይታያል። የብርሃን ነጥብ የታየበት ቦታ ቀዳዳ ነው፤ ከሥሩ ቀጭን ሽቦ በማሾለክ ከላይ እንዲታይ ይደረጋል። ብርሃን ካልታየ ሁለተኛው መንገድ ውሃ ማፍሰስ ነው። አንድ ሰው ከላይ በጎማ ወይም በጀሪካን ውሃ ሲያፈስ ሌላው ከውስጥ ሆኖ ይመለከታል። ውሃው ከክፍክፉ በኩል ተጀምሮ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ላይ ከፍ ይላል። ከላይ ከተጀመረ ውሃው የክዳኑን ፊት በሙሉ ስለሚያርሰው የቱ እንደሚያፈስ መለየት አይቻልም።

የክዳኑ ጥገና

የላላ ምስማር መልሶ መምታት ለጥቂት ጊዜ ብቻ ይረዳል፤ ቀዳዳው ሰፍቷልና። ምስማሩ ይነቀልና በቦታው ወፈር ያለ፣ አዲስ ጎማ ያለው ብሎን ይገባል። ጎማው ቆርቆሮውን እስኪነካና ትንሽ እስኪጨመቅ ብቻ ይጠበቃል፤ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ጎማው ይፈነዳል ወይም ጉብታው ይረግጣል። ከሥር ያለው ሞራሌ በስብሶ ብሎኑን የማይዝ ከሆነ ችግሩ የእንጨት ነውና ክዳኑ ተነሥቶ ሞራሌው መለወጥ አለበት።

ትንሽ ቀዳዳ ሲደፈን ዙሪያው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አቧራውና ዝገቱ ይጠረጋል፤ ዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ለውጭ የሚሆን ማጣበቂያ ወይም በሬንጅ የተነከረ ጨርቅ ይለጠፋል። በአቧራ ወይም በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ነገር አይይዝም። አሮጌ ሲሊኮን ካለ ሙሉ በሙሉ ይፋቃል፤ አዲሱ በአሮጌው ላይ በደንብ አይጣበቅምና።

ከጣት የሰፋ ቀዳዳ በቆርቆሮ እራፊ ይጠገናል። እራፊው ተመሳሳይ ሞገድ ያለው ሆኖ በሁሉም አቅጣጫ ከቀዳዳው ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር ማለፍ ይኖርበታል። የላይኛው ጠርዙ ከእርሱ በላይ ባለው ቆርቆሮ ሥር እንዲገባ ይደረጋል። እንዲህ ሲሆን ውሃው ከላይኛው ቆርቆሮ ወደ እራፊው፣ ከእራፊው ወደ ታችኛው ይወርዳል እንጂ የሚገባበት ስንጥቅ አያገኝም። ጥይት የበሳው ቆርቆሮ ደግሞ ወደ ውስጥ የታጠፈው ከንፈሩ አስቀድሞ በመዶሻ ይስተካከላል ወይም ይቆረጣል።

በብዙ ቦታ የዛገና ሲጫኑት የሚሰበር ቆርቆሮ ግን መደፈኑ ገንዘብ ማባከን ነው፤ መለወጥ አለበት። ሲለወጥ መደራረቢያው አፉ የአካባቢው ዝናብ የያዘ ነፋስ ከሚመጣበት አቅጣጫ በተቃራኒው እንዲሆን ከነፋሱ ራቅ ካለው ዳር መክደን ይጀመራል።

ማድረቅ

ክዳኑ ከተደፈነ በኋላ ኮርኒሱና የረጠበው የግድግዳ ምርጊት ተነሥቶ እንጨቱ ለአየር ይጋለጣል። በውሃ ያበጠ ቺፑድና የተላቀቀ ኮምፔንሳቶ ወደ ቀድሞ ጥንካሬው ስለማይመለስ ይጣላል። ደንበኛ እንጨት ግን ካልበሰበሰ ደርቆ ያገለግላል።

መስኮትና በር በትይዩ ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ ከእሳት ይሻላል። በከሰል ማድረቅ ሁለት ጉዳት አለው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ቤት ሰው ይገድላል፤ ፈጣን ሙቀትም እንጨቱን ያጣምማል፣ ይሰነጥቃል።

እንጨቱ መድረቁን በመንካት ማወቅ አይቻልም፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊረጥብ ይችላል። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት ቀላሉ መንገድ ሚዛን ነው። ከተጎዳው እንጨት አጠገብ ትንሽ ቁራጭ ተቆርጦ ይመዘናል፤ እዚያው ቦታ ተቀምጦ በየሁለት ሦስት ቀኑ እንደገና ይመዘናል። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስተካክሏል ማለት ነው። የውሃውን መጠን በቁጥር ለማወቅ ቁራጩ በምድጃ ላይ ሳይቃጠል ክብደቱ እስኪረጋ ይደርቃል። ለምሳሌ 120 ግራም የነበረው ሲደርቅ 100 ግራም ከሆነ በውስጡ የነበረው ውሃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ ነበር። ይህም ለመሸፈን ገና የሚያሰጋ መጠን ነው።

የእንጨቱ ጥገና

ጤነኛውን ከበሰበሰው ለመለየት በወስፌ ወይም በካቻቪቴ ይወጋል። ጤነኛ እንጨት ይቋቋማል፤ ሲፈነቀልም በረጅም ስንጥር ይነሣል። የበሰበሰው ወስፌውን በቀላሉ ያስገባል፤ እንደ ዳቦ ይፈረፈራል ወይም በትናንሽ አራት ማዕዘን ይሰነጣጠቃል። በመዶሻ ሲመታ ደንቆሮ ድምፅ የሚሰጥ እንጨት ውስጡ በምስጥ ሊበላ ይችላል። ቀለሙ የጠቆረ እንጨት ሁሉ ግን የበሰበሰ አይደለም፤ የውሃ እድፍ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ማንኛውም ክዳን ተሸካሚ እንጨት ከመቆረጡ በፊት ከሥሩ በባላ ይደገፋል። ባላው በለስላሳ አፈር ላይ ሳይሆን በጣውላ ወይም በድንጋይ ላይ ይቆማል።

ወራጅና ሞራሌ። ጉዳቱ በከፊል ከሆነ የበሰበሰው ክፍል ጤነኛው እስኪገኝ ይቆረጣል፤ በጎኑም ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አዲስ እንጨት ይታከላል። አዲሱ ከተቆረጠው ቦታ በሁለቱም በኩል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ያህል በጤነኛው እንጨት ላይ ማለፍና በምስማር ብቻ ሳይሆን አሳልፎ በሚታሰር ብሎን መያዝ አለበት። የሚታከለው እንጨት ደረቅ መሆን ይኖርበታል። ገና የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይጣመማል፤ ብሎኑም ይላላል።

የምሰሶ ሥር። ቤቱ ከተደገፈ በኋላ የበሰበሰው ሥር ይቆረጥና ከመሬት ከፍ ባለ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም የኮንክሪት መሠረት ላይ ይቀመጣል፤ ነፋስ እንዳያነሣውም በብረት ይታሰራል። ምሰሶውን በኮንክሪት ጉድጓድ ውስጥ መክተት ግን ጥሩ አይደለም፤ ኮንክሪቱ እንደ ጽዋ ውሃ ይዞ ሥሩን ያበሰብሰዋል።

መድኃኒት። በአገሪቱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ምስጥን ለመከላከል በእንጨት ላይ ይቀባል። ዘይቱ ለጤና ጎጂ የሆኑ ነገሮች ስላሉበት በመኝታ ክፍል፣ እህል በሚቀመጥበትና እጅ በሚነካው ቦታ አይመከርም። በእርጥብ እንጨት ላይ ሲቀባም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። በሌሎች አገሮች ለቤት ውስጥ እንጨት የቦራክስ ውሕድ ይሠራበታል፤ ይህም በዝናብ ስለሚታጠብ ለውጭ እንጨት አይሆንም። ማጣበቂያና ስቱኮ ደግሞ የበርና የመስኮትን ትንሽ ጉድለት ይሞላሉ እንጂ ክዳን ለሚሸከም እንጨት ጥንካሬ አይሰጡም።

የጭቃ ግድግዳ

ውሃ የወረደበት የጭቃ ግድግዳ ምርጊቱ ይነፋል፤ ማገሩም ከውስጥ ይበሰብሳል። የተነፋው ምርጊት ተነሥቶ ማገሩ ይታያል፤ የተበላው ይለወጣል። ከዚያ ከጭድ ጋር ተረግጦ በሚገባ የቦካ ጭቃ በስስ ድርብ ይመረጋል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብም።

ብዙ ሰው ግድግዳውን «ለማጠንከር» በጭቃው ላይ ሲሚንቶ ያስለስናል። ጭቃ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ወደ አየር ይለቃል፤ ሲሚንቶው ይህን መመለሻ ያጠባል። ከላይ በክዳን ወይም ከታች ከመሬት የገባው ውሃ በልስኑና በጭቃው መካከል ታስሮ ይቀራል። ላዩ ያማረ ሆኖ ሳለ ከውስጥ ቋሚውና ማገሩ የሚያልቅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው።

የሥራ ጥንቃቄ

በእርጥብ ክዳን ላይና ነጎድጓድ ባለበት ሰዓት አይወጣም። በክዳኑ ላይ ሲኬድ የምስማር መስመር በሚታይበት፣ ማለትም ሞራሌ ባለበት ቦታ ይረገጣል። እንጨቱ መበስበሱ ከተጠረጠረ ጣውላ ተዘርግቶ ክብደቱ ይከፋፈላል። ውሃ በኤሌክትሪክ መስመር ወይም በአምፖል አጠገብ ከወረደ ከሁሉ በፊት ኃይሉ ከቆጣሪው ይቋረጣል። የቆርቆሮ ጠርዝ እጅ ስለሚቆርጥ ጓንት ያስፈልጋል። ክዳኑ ከቆርቆሮ ይልቅ አሮጌ የአስቤስቶስ ሉህ ከሆነ መቁረጥና መቦርቦር አደገኛ ነው፤ ብናኙ የሳንባ ካንሰር ያመጣል።

መከላከል

አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ክዳን ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ክዳን ባለው ቤት ላይ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢጥል 1,200 ሊትር ውሃ ከክፍክፉ ይወርዳል። አሸንዳ ከሌለ ይህ ሁሉ በግድግዳው ሥር ይፈስሳል፤ አሸንዳና በርሜል ካለ ደግሞ ለልብስና ለአትክልት የሚሆን ውሃ ነው። አሸንዳ ማሠራት በማይቻልበት ቤት ክፍክፉን ማስረዘምና በግድግዳው ዙሪያ ከቤቱ የሚያርቅ የውሃ መውረጃ መቆፈር ጉዳቱን ይቀንሳል።

ሁለት የዝናብ ወቅቶች ባሉበት እንደ ሐብሩ ባለ አካባቢ የሥራው ጊዜ እንደሚከተለው ቢከፋፈል ይመቻል።

በመስከረም መጨረሻ የክረምቱ እድፍ ሳይጠፋ የሚያፈሱ ቦታዎች ይመረመራሉ፤ ምልክትም ይደረግባቸዋል። ከጥቅምት እስከ ኅዳር ክዳኑ ይጠገናል፤ የረጠበው እንጨት ይገለጣል። ታኅሣሥና ጥር እንጨት የሚለወጥባቸውና ግድግዳ የሚመረግባቸው ወራት ናቸው። የካቲት ሲገባ የበልጉ ዝናብ ጥገናውን ይፈትነዋል። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ የላሉ ብሎኖች ይጠበቃሉ፤ ቅጠልና አፈር ከክዳንና ከአሸንዳ ይጠረጋል።

በጋውን ለመጠበቅ አቅም ወይም ጊዜ ባይኖር በክረምት ሊሠራ የሚገባው መግቢያውን በጊዜያዊነት መዝጋት ብቻ ነው። ሸራ ወይም ፕላስቲክ ሲዘረጋ ከጉልላቱ አልፎ በሌላው ፊት ላይ መታሰር አለበት፤ በክዳኑ መሐል የሚጀምር ፕላስቲክ ከሥሩ ውሃ ያስገባል። ኮርኒሱና ግድግዳው በጋ እስኪመጣ ሳይሸፈኑ ይቆያሉ።

በሌሎች መዋቅሮች

ይኸው ቅደም ተከተል ከቤት ውጭም ይሠራል። በከተሞች ለሱቅ በሚያገለግሉ ኮንቴይነሮች ወለሉ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ በዛገ ጣሪያ የገባ ውሃ ከሥር ተኝቶ ያላቅቀዋል። የእንጨት ካሶኒ ባላቸው የጭነት መኪናዎችም ውሃ በጣውላዎቹ መጋጠሚያና በብሎኖቹ ዙሪያ ይቀመጣል።

በአውሮፓና በአሜሪካ ለጉዞ በሚያገለግሉ ካራቫኖች ችግሩ የበለጠ የተደበቀ ነው። የብዙዎቹ አካል ቀጭን የእንጨት አጽም ሲሆን ከውጭ በአሉሚኒየም ወይም በፋይበርግላስ፣ ከውስጥ በስስ ኮምፔንሳቶ ይለበጣል። በጣሪያው መስኮትና በጠርዙ ያለው ማጣበቂያ በፀሐይና በጉዞ መንቀጥቀጥ ሲሰነጠቅ ውሃው በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ይገባል፤ የሚያደርቀው አየርም አያገኝም። ከውጭ በላዩ ላይ ማጣበቂያ መደረብ እዚያም የተለመደ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ጥገና ጠርዙን ፈትቶ አሮጌውን ማጣበቂያ መፋቅ፣ አጽሙን ገልጦ ማድረቅ፣ የበሰበሰውን መለወጥና በአዲስ ማጣበቂያ መልሶ መግጠም ነው። የሐብሩ ቆርቆሮ ቤትና የባሕር ማዶው ካራቫን በዋጋም በአሠራርም ቢለያዩም ጥገናቸው የሚጀምረው ከአንድ ቦታ፣ ከውሃው መግቢያ ነው።